በሰው ጎል ላይ የተዘረጋ እግር

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ኃላፊና ጠፊ ዓለም የሰውን ልቡና ከሚያውኩት ደዌዎች ሁሉ እንደ ውዳሴ ከንቱ ያለ ስውር፥ እንደ ውዳሴ ከንቱ ያለ ጽኑዕ አይገኝም፤ ገንዘብ ወዳድ ሣጥኑ ሲሞላ ጥቂት ያንቀላፋል፥ ሥልጣን ወዳድም ሲሻር አደብ ይገዛል፥ ውዳሴ ወዳድ ግን ቢያመሰግኑት ይርበዋል፥ ባያመሰግኑት ያብዳል። ይህ ደዌ ነገሥታትንና መኳንንትን ሲይዝ ቢያንስ ግርማ አለው፤ ቁምጣ ለብሶ ኳስ የሚያሳድድ ጎልማሳን ሲይዝ ግን ያስቃል፥ ቀጥሎም ያስጠላል።

በድሬዳዋ ከተማ የንጋት ኮከብ ክለብ አጥቂ የነበረው ልዑልሰገድ መኩሪያ፥ ቁመተ ሎጋ፥ ደረተ ሰፊ፥ ፀጉሩን ከጨዋታ በፊትም ከጨዋታ በኋላም የሚያበጥር፥ በዚህ ደዌ የተለከፈ ሰው ነበረ። የጎሎቹ ብዛት ያስደንቅ ነበር፤ የባጃጅ ነጂዎች ሥዕሉን በመስታወታቸው ላይ ለጥፈው ይዞሩ ነበር፥ ሕፃናትም በስሙ ይማማሉ። ነገር ግን እነዚያ ጎሎች እንዴት እንደ ተወለዱ የሚያውቁት የክለቡ ልጆች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በዚያ ንዳድ ፀሐይ ሲሮጡ፥ ሲጋጩና ሲወድቁ እርሱ በጎሉ አፍ አካባቢ ጥላ እንደሚፈልግ በሬ ቆሞ ይጠብቃል፤ ባልንጀራው የመታት ኳስ መስመሩን ልታልፍ አንድ ክንድ ሲቀራት እግሩን ሰደድ አድርጎ ይነካታል፥ ጎሉም በመጨረሻ በነካት ሰው ስም ይጻፋል። ሌላው አርሶ፥ ዘርቶ፥ አርሞ ምርቱ ከአውድማ ሲደርስ ብቅ ማለትን ልዑልሰገድ ጥበብ ይለው ነበር፤ የሚሮጡትንም በልቡ ይንቃቸው ነበር። ልጆቹ በመጀመሪያ ሳቁ፥ ቀጥሎ አጉረመረሙ፥ ኋላ ግን ከተማው ሁሉ ከእርሱ ጋር እንደ ሆነ አይተው ዝም አሉ።

የውድድሩ ፍጻሜ በሆነችው ዕለት ሁለት ነገሮች በአንድ ክር ተንጠለጠሉ፤ ንጋት ኮከብ ካላሸነፈ ከዋናው ሊግ ይወርዳል፥ ከወረደም ይፈርሳል፤ ልዑልሰገድም የቀድሞውን የጎል ክብረ ወሰን ለመስበር አንዲት ጎል ብቻ ቀርታዋለች። አምበሉ ኑረዲን፥ አባቱም ለዚያው ክለብ የተጫወተ አማካይ፥ በመልበሻው ክፍል ቀረብ አለው።

«አቦ ልዑልሰገድ፥ ዛሬ እንኳ የሚገባውን ኳስ አትንካብን። ክለቡ ከፈረሰ ይኼ ሁሉ ልጅ የት ይገባል?»

«ወንድሜ ኑረዲን፥» አለ ልዑልሰገድ ማበጠሪያውን ሳያስቀምጥ፥ «ታሪክ የኳሷን መንገድ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመጨረሻውን እግር ነው።»

ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኑረዲን ኳሷን ከመሐል ሜዳ ተቀብሎ፥ አንዱን አልፎ፥ ሁለተኛውን አታልሎ፥ ከሩቅ አክርሮ መታት። በረኛው ተወርውሮ አልደረሰባትም፤ ኳሷ አንዴ ነጥራ ወደ ባዶው መረብ መንከባለል ጀመረች። በዚያች ቅጽበት ልዑልሰገድ ከተከላካዮቹ ሁሉ ጀርባ፥ ከጨዋታ ውጭ በሆነ ስፍራ ቆሞ ነበር። እንዲህ የቆመ ሰው ኳሷን ከተወ ጎሉ ይጸድቃል፥ ከነካት ግን ይሻራል፤ ይህንንም ሕግ ከስሙ እኩል ያውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ያቺ ኳስ ያለ እርሱ ልትገባ፥ ከተማውም በኑረዲን ስም ሊጮኽ መሆኑን ባሰበ ጊዜ እግሩ ከልቡ ቀድማ ወጣችና ኳሷን ከመስመሩ ላይ ወደ መረቡ ገፋቻት። ከዚያም መለያውን አውልቆ ወደ ሕዝቡ ሮጠ፥ በጉልበቱም ወድቆ እጆቹን ዘረጋ። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ምስኪኑ ከንቱ ያን ጸጥታ የአድናቆት ጸጥታ መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው! ሲገልጥ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ከፍ ብሎ ታየው።

ጨዋታው ያለ ጎል ተፈጸመ፥ ንጋት ኮከብም ወረደ። ኑረዲን በሣሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመለያው ሸፍኖ ስለ ክለቡ ያለቅስ ነበር፤ ልዑልሰገድም ስለ ክብረ ወሰኑ እያለቀሰ መጥቶ በላዩ ቆመ።

«እንዴት እንደ ዘረፉኝ አየህ አይደል?»

ኑረዲን ቀና አለ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንተ ግን የጣልከው የእኛን ነው፥ አቦ!»

ክረምቱ ሳይገባ ክለቡ ፈረሰ፥ ልጆቹም ተበተኑ፤ ያቺን አንዲት ጎል ለልዑልሰገድ የሚሰጥ ሌላ ክለብም አልተገኘም። እርሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በተገኘበት ጉባኤ ሁሉ የዚያን ዳኛ ክፋት ይተርካል፥ ሰሚዎቹም አንገታቸውን ነቅንቀው ወሬ ይለውጣሉ። ስስታምን ለመቅጣት ማዕዱን መንሣት አያስፈልግም፤ ማቅረብ ይበቃል፥ በገዛ እጁ ይደፋዋል።