የወንድም ጋሼ ልኬት

መጀመሪያ ቪዛ የተከለከልኩ ጊዜ የሰጡኝ ምክንያት አጭር ነበር። ትምህርቴን ስጨርስ ወደ አገሬ እንደምመለስ አላመኑም። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል፣ ስኮላርሺፑ ወጪዬን ይችላል፣ የምሠራበት የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪም ቦታዬን እንደሚጠብቅልኝ ጽፎልኛል። የጎደለኝ የእነሱ እምነት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከየት አባቴ ላመጣው እችላለሁ?

ያላመኑኝ በእኔ ጥፋት አልነበረም፤ በወንድም ጋሼ የተነሳ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደዚያው አገር በተማሪ ቪዛ ሄደ። የመጀመሪያውን ዓመት እየደወለ፣ በብርዱ እየቀለደ አሳለፈ። ከዚያ ጠፋ። ትምህርት ቤቱን ስንጠይቅ መምጣት ካቆመ ቆይቷል አሉን። ፖሊስ ጋ አልተገኘ፣ ሆስፒታል አልተገኘ፣ አብረውት የተማሩት ልጆችም የት እንደገባ አያውቁም። ቪዛ ሰጪዎቹ ዘንድ ያለው ወሬ ግን ቀላል ነው፤ ገብቷል፣ አልወጣም። እህቱ ብትገባ ምን ልታደርግ እንደምትችል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ጉዳዬን የያዘልኝን ሰው ሰፈሩ ሁሉ «ቪዛው» ይለዋል። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ የሰው ማመልከቻ ሲሞላ ይውላል። ራሱ ስንት ጊዜ አመልክቶ አንዴም አልቀናውም፤ ይህን ካነሱበት ግን ሳምንት ያኮርፋል። የክልከላውን ምክንያት አንብቦ ጺሙን አሻሸና፣

«ወንድምሽ ወይ መገኘት አለበት፣ ወይ መሞት አለበት» አለኝ። «በሁለቱ መሀል እስካለ ድረስ በሩን ዘግቶብሽ ነው የቆመው።»

ክው አልኩ። እሱ ግን ምንም እንዳልተናገረ ሰው ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ለብዙ ዓመት ወሬው ያልተሰማን ሰው ፍርድ ቤት እንደሞተ ሊቆጥረው ይችላል። ውሳኔው ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ የጠፋ ሰው እህት መሆኔ ይቀርና የአንዲት እናት ብቸኛ ልጅ እሆናለሁ፤ ብቸኛ ልጅ ደግሞ ወደ እናቷ መመለሷ አይቀርም። ችግሩ ችሎት ቀርባ መማል ያለባት እናቴ መሆኗ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የነርስ ጋዋን፣ የጠበበ ሱሪ፣ የረዘመ ቀሚስ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ አንዳንዴ እንዳንጠለጠለችው ትተኛለች። የስፌት መኪናዋ ያለው እኔ በምተኛበት ክፍል ነው። እዚያው ክፍል ግድግዳው ላይ የወንድም ጋሼ ልብሶች ተሰቅለዋል። ትቷቸው የሄዳቸው እንዳይመስላችሁ። ከጠፋ ወዲህ እናቴ በየዓመቱ አንድ ሸሚዝና አንድ ሱሪ ትሰፋለታለች። «ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ልብሶቹ እኩል አይደሉም። በሩ አጠገብ ያለው ቀጭን ነው፤ ሲሄድ የነበረውን ወንድሜን ያክላል። ወደ መስኮቱ በተጠጉ ቁጥር ትከሻው ይሰፋል፣ ወገቡ ይጨምራል። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳያቸው ግድግዳው ላይ አንድ ሰው ያለ ሥጋ የሚወፍር ይመስለኛል። ወደ ማታ ላይ በሩ ሲከፈት እጅጌዎቹ ይነቃነቃሉ። ነፋስ መሆኑን አላጣሁትም፤ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ቢሆንም ለእነዚያ ልብሶች ጀርባዬን ሰጥቼ ተኝቼ አላውቅም።

ይህን ለእናቴ የነገራት አጎቴ ነው። ሹፌር ስለሆነ መሰለኝ፣ ነገር ማዞር አይወድም። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። እናቴ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር፤ ሰምታው ስትጨርስም ክሩን ማስገባቷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ለእኔም ዝም አለችኝ። ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ትተኩሳለች፣ ፊቴን ግን አታይም። አንድ ጠዋት ካውያውን ከሸሚዜ ላይ ሳታነሳ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ደስ በማለቴ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ችሎቱ ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ የተንጋደደ መጋረጃ ያለው ክፍል ነው። እናቴ ማለች። መቼ እንደሄደ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደደወለ፣ የት የት እንደፈለግነው፣ ቪዛው ባስጠናት መሠረት አንድም ሳታዛንፍ መለሰች። እኔና አጎቴ ተያየን፤ አለቀ ብለን ነበር። ዳኛዋ ሰውየው በትክክል እንዲታወቅ መልኩንና ቁመናውን እንድትናገር ጠየቀቻት።

የእናቴ ፊት በራ። ስለ ልጇ የሚጠይቃት ካጣች ዘመን ሆኗታል። ጠይም ነው አለች፣ ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ግራ ትከሻው ከቀኙ ትንሽ ዘንበል ይላል። ደረቱ ይህን ያህል፣ እጅጌው ይህን ያህል። «ሲሄድ ወገቡ ሠላሳ ነበር» አለች፣ «አሁን ሠላሳ ስምንት ገብቷል።»

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ አሁን ነው ያሉኝ? ትገናኛላችሁ እንዴ?»

«አንገናኝም፣ ክብርት ዳኛ።»

«ዘጠኝ ዓመት ያላዩትን ሰው ወገብ ታዲያ በምን አወቁት?»

ልጁን ደብቀው ሞተ የሚሉ ሰዎች ሆነን ቁጭ አልን። አጎቴ ሊነሳ ሲል እጁን ያዝኩት። እናቴ አንገቷ ላይ ሜትሯን ፈለገች፤ ያን ቀን አላደረገችውም ነበር፤ እጇ ባዶውን ቀረ።

«እኔ ነኝ የምጨምርለት» አለች። «አባቱም ሠላሳ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ነው የወፈረው። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እጨምርለታለሁ።» ከዚያ ለዳኛዋ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር መሰለች። «እሱ ምንም አልጨመረም። እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅዎ ሞቷል ብለው ያምናሉ ወይ ስትል ጠየቀቻት። እናቴ ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። አንጀቴን በላችው። ተነስቼ፣ ተዪው፣ ይቅርብኝ ማለት ነበረብኝ፤ አልተነሳሁም።

«አዎ» አለች እናቴ።

ውሳኔው ተሰጠ፣ እንደገና አመለከትኩ፣ ቪዛዬ መጣ። «ቪዛው» የምንለው ሰውዬ ፓስፖርቴን ገልጦ ሙሽራ እንደሚያይ ሰው ዓይኑን መንቀል አቃተው። ከዚያ ኮስተር ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ ወንድሜ በሕይወት ስለመኖሩ ትንሽ ምልክት ከተገኘ ሐሰት ነገራችሁን ይሉና ይሰርዙብኛል፣ ዳግመኛም ያንን በር አላየውም። «ሙት ደግሞ ደጅ አያንኳኳም» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

እናቴ ከችሎቱ ወዲህ ለወንድም ጋሼ አልሰፋችም። ከግድግዳው ግን አላወረደቻቸውም፤ እኔም አውርጂያቸው ለማለት ምን አፍ አለኝ? ከበፊቱ የባሰ ከበዱኝ። የጠራሁትን ሰው መጣህ ወይ ብዬ የምጠብቅ ይመስል በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ጀመር።

የመሄጃዬ ዋዜማ ጠዋት ሻንጣዬን እየሞላሁ ነው። እናቴ የነርስ ጋዋን እየሰፋች ስልኳ ጮኸ። እጇ ስለማይፈታ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍታ የስፌት መኪናው ላይ ነው የምታስቀምጠው። ቁጥሩን አየሁት፤ የውጭ ነው።

«ሃሎ» አለች።

መጀመሪያ የመስመሩ ሹሹታ ብቻ ነበር። ከሹሹታው ውስጥ ሰው ተነፈሰ። ቀጥሎ ጎርናና የወንድ ድምፅ፣ ማውራት እንደረሳ ሰው እየተጎተተ፣ «እማ» አለ።

እኔ እማዬ ነው የምላት። እማ የሚላት አንድ ሰው ነበር። ድምፁ የወንድም ጋሼ ነው ብዬ አልምልም፤ አይደለም ብዬም አልምልም። እናቴ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ስልኩን አላየችውም። ሻንጣዬን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ተሳስተሃል» አለችው። «የእኔ ልጅ ሞቷል።»

ሰውየው አልዘጋም። ሲተነፍስ ይሰማናል። እናቴ ጣቷን ስልኩ ላይ ዘርግታ ጠበቀች፣ እሱ ቀድሞ እንዲዘጋ የምትለምነው ይመስል። ሲቆይባት ራሷ ዘጋችው።

«እማዬ፣ መልሰን እንደውል» አልኩ። ያለው አፌ ነው፤ እጄ ሹራቤን እያጠፈ ነበር።

«ወፈር ያለውን ከላይ አድርጊው» አለችኝ፣ «እንደ ደረስሽ ይበርድሻል።»

የስፌት መኪናው ተነሳ። ጋዋኑ ጭኗ ላይ ወርዷል፤ መርፌው ባዶውን ይወጋል። ስልኩ ላይ ቁጥሩ ይታያል። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም አየነው፤ ማናችንም አልነካነውም።