የረቡዕ ልጣጭ

«ኧረ ይሄ ሽታ ምንድን ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ያደረገች መሰላት እንጂ ግማሹ ሳሎን ሰምቷታል።

ለቅሶ ቤት ገብቶ አፍንጫ መያዝ ነውር ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ስካርፋቸውን የሚያስተካክሉ መስለው አፍና አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ ወንዶቹ ደግሞ «ትንሽ አየር ልቀበል» እያሉ አንድ በአንድ ወደ በረንዳው ወጡ። በረንዳው ይብስ ነበር። ሽታው የሚመጣው ከጓሮ ነውና ወዲያው ተመልሰው ገቡ።

ሚጣ ከሶፋው ጥግ ሆና ሁሉንም ታያለች። ፋርማሲ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሳ ለሰው መድኃኒት ታድላለች፣ ሽማግሌ ሳይቀር «ዶክተር» ይላታል፤ ለቤተሰቡ ግን ዛሬም ሚጣ ናት። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ማልቀሱንም አልቻለችበትም። ከለቅሶዋ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለባት፤ እናቷ የሞተችው መቼ ነው?

የተገኘችውማ እሁድ ጠዋት ነው። በሩን አስከፍተው የገቡት የሚጣ አክስትና ልብስ ሰፊዋ ናቸው። «ሌሊቱን በእንቅልፏ ነው ያረፈችው፣ ምንም አልተሰቃየችም» አሉ ሁለቱም፣ ተማክረው እንደሆነ በሚያስታውቅ ሁኔታ፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት። ሚጣ ደርሳ «ፊቷን ልሳም» ስትል ግን አክስት በሩን በሰውነቷ ዘግታ ቆመች።

«በሞቴ! አፈር ስሆን! እንደምታውቂያት ትቅርልሽ።»

ሌሊቱን ያረፈ ሰው ፊት ለምን አይሳምም?

ትናንት ደግሞ ውሃ ፍለጋ ወደ ኩሽና ስትገባ፣ ልብስ ሰፊዋ ለሌላ ሴት ስታንሾካሹክ ደረሰችባት። «መስኮታቸው እኮ ሐሙስም አልተከፈተም፣ ዓርብም አልተከፈተም። እኔ ደግሞ ልጃቸው ጋ ሄደው ነው ብዬ…» ሚጣን ስታያት ዞር አለችና «ስኳሩ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች። ስኳሩ እፊቷ ነበር።

የወንድሟ ጸጸት ከሚጣም ይብሳል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መስመሩ በእናታቸው በር ያልፋል። ተሳፋሪ ጭኖ መቆም ስለማይችል ሲሄድም ሲመለስም ክላክስ ያደርግላታል፤ «አለሁ፣ አለሽ?» ማለቱ ነው። እሷም በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች። ሐሙስ ክላክስ አደረገ። ዓርብም አደረገ፣ ቅዳሜም አደረገ። መስኮቱ ላይ ባያያት «ጓሮ ከሦስተኛው ጋ ናት» ብሎ ነዳው። ሚጣም ዓርብ ደውላ ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር ይህንኑ ነው ያለችው።

ሦስተኛው ማለት በርሜሉ ነው።

እናት ጡረታ ወጥታ እጇ ሥራ ሲፈታ፣ አንድ ቀን በሬዲዮ አንዱ ባለሙያ የኩሽና ትራፊ እንዴት አፈር እንደሚሆን ሲያብራራ ሰማች። አለቀ! በማግስቱ ልጇን የተሰነጠቀ የውሃ በርሜል አስመጣችው፣ በጋለ ብረት ጎኑን አስበሳችው። ከታች ጭራሮ ረበረበች፤ እሱ ላይ የድንች ልጣጭ፣ ያለቀለት የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት፤ በዚያ ላይ ደረቅ ቅጠል። «እርጥቡ ብቻውን ይገማል፣ ደረቁ ብቻውን ይተኛል» ትላለች፣ ሬዲዮው የነገራትን እንደ ራሷ አድርጋ። የቤቷ ልጣጭ አልበቃ ሲላት የጎረቤት በር እያንኳኳች መለመን ጀመረች። ሰፈሩም «እማማ ልጣጭ» ብሎ ስም አወጣላት። እሷ ምን ገዷት!

«ሁለቱን አሳደግኩና ሄዱብኝ። ይሄ ሦስተኛው ግን ያበላሁትን ይበላል፣ የትም አይሄድም።»

ልጆቿ ሲደውሉ «ታናሻችን በላ?» እያሉ ይስቁባታል። እሷ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ሥጋ፣ ዘይትና የበሰለ ነገር ክልክል ነው፤ ሆዱን ያመዋል። ልጣጩን በትንንሹ ከትፋ ትሰጠውና ማታ ሳትተኛ በፊት በእፍኝ በእፍኝ ቅጠል ትሸፍነዋለች። «ማልበስ» ነው የምትለው። ትኩሳት ይዟት እየተንቀጠቀጠች እንኳ ወጥታ ሳታለብሰው ያደረችበት ቀን የለም።

ይህን ግን ለቅሶ ደራሹ ከየት ይወቀው? ሰዉ ሩዝ በድስት፣ ጥብስ በትሪ እየያዘ መጣ። ምግቡ ተረፈ። «እሳቸውስ ትራፊ መቼ ይጥሉ ነበር፣ ነፍሳቸው ደስ ይበላት» አለች አንዷ፣ ሳህኗን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው። ሌሎቹ ተከተሉ። አጥንት፣ መረቅ፣ ዘይት ሁሉ ገባ። ያለበሰው ግን የለም። አሁን በርሜሉ ጠዋት ጠዋት ይጨሳል። ዝንብ ወሮታል፤ ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ውስጡ እንደሚፈላ ነገር ይንተከተካል። ወደዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እርምጃውን ያፈጥናል።

«ዛሬ የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ ይሄ ነገር ይውጣልኝ!» አለች አክስት ከኩሽና ብቅ ብላ። «ሰው ምን ይለናል? ቤቱ ሬሳ ሬሳ…» ቃሉን ዋጠችው። ዘግይታ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አቀረቀረች። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነገሩን ለመሸፈን «አፈሩን ገለባ ያድርግላት» አሉ፤ ሁሉም በአንድ አፍ «አሜን» አለ።

ሚጣ አሜን አላለችም። አፈርና ገለባ! እናቷ የመጨረሻ ወራቷን እኮ አፈርና ገለባ ስትደራርብ ነው የኖረችው። ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ልጣጭ፣ ቅጠል፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድርብ። ሚጣ ረቡዕ ልትጠይቃት ስትመጣ ብርቱካን ይዛ ነበር፣ አብረው በልተዋል፣ ልጣጩ በርሜሉ ውስጥ ነው። ከብርቱካኑ በላይ ቅጠል ካለ፣ ከቅጠሉም በላይ ሌላ ልጣጭ ካለ፣ እናቷ ሐሙስን አይታለች ማለት ነው። ሌላ ድርብ ካለ ዓርብን አይታለች። መኪናው መጥቶ ከወሰደው ግን ሚጣ እስከ ዕለተ ሞቷ አታውቅም።

ብድግ አለች።

«የት ነው?» አለ ወንድሟ ተከትሏት። የጓሮው በር ላይ ስትደርስ በለሆሳስ ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተዪው ሚጣ፣ ይቅርብን» አለ። በርሜሉን አየት አደረገና «እሺ፣ እዪው» አለ። ከዚያ ደግሞ «እኔ ግን አላይም» ብሎ ጀርባውን ሰጥቷት ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ።

ሚጣ እጅጌዋን ሰብስባ ክዳኑን አነሳች። ትኩስ እንፋሎት ፊቷን መታት፤ ዓይኗ አለቀሰ። በትንሿ አካፋ መጫር ጀመረች። ሩዙ ሙጫ ሆኗል። አጥንቱ ላይ ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። ወደ ታች በሄደች ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ልክ ትኩሳት ያለበት ሰው ብብት ውስጥ እጅ እንደ መክተት። ከሩቅ የቆሻሻ መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ ወንድሟ ተቀምጦ እንዳለ ዘለለ።

ሩዙ አለቀ። ከሩዙ ስር ቅጠል ጠበቀች። ቅጠል የለም። የድንች ልጣጭ የለም፣ የሻይ ቅጠል የለም፣ የእንቁላል ቅርፊት የለም። አካፋዋን ጥላ በእጇ ገባችበት። ጣቷ ላይ የመጣው ብርቱካናማ ነበር፤ ጫፉ ሻግቷል፣ ግን ሳይበጠስ አንድ ወጥ ሆኖ እንደተላጠ ነው። እንዲህ የምትልጥ ራሷ ሚጣ ናት። እናቷ ረቡዕ ለዚህ ተቆጥታታለች።

«አንቺ ሰነፍ! ሙሉውን ይጣልለታል? ጥርስ አለው እንዴ?»

«እሺ ልክተፈው።»

«ተይው፣ ታክሲ ያመልጥሻል። ማታ እኔው ከትፌ አለብሰዋለሁ።»

አልከተፈችውም። አላለበሰችውም። ያች ማታ አልደረሰችላትም። ምናልባት ሚጣ ገና ታክሲው ውስጥ ሆና ስልኳን ስትነካካ ይሆናል። ከዚያ ሐሙስ፣ ከዚያ ዓርብ፣ ከዚያ ቅዳሜ፣ በተዘጋ መስኮት ስር ያ ክላክስ እየጮኸ ያልፋል። ሚጣን ጩኺ ጩኺ አላት። በርሜሉን ተደገፈችው።

«ሚጣ» አለ ወንድሟ፣ ሳይዞር። «ምን አለ?»

መዳፏን ልጣጩ ላይ ጨበጠች።

«የድንች ልጣጭ አለ» አለች። «በላዩ ቅጠል። ከዚያ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት። በላዩ ደግሞ ቅጠል።»

«እስከ መቼ?»

«ቅዳሜ ማታ አልብሳዋለች ጋሼ።»

«ሙች በይ።»

«እናቴ ትሙት!» አለች፣ አፏ ከልጅነቷ እንደለመደው።

ሁለቱም ደረቁ። መጀመሪያ የወንድሟ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚስቅ መሰላት፣ እውነትም ይስቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ከቀብሩ ወዲህ ያላወጣውን ለቅሶ አወጣው።

«ክላክሴን ሰምታዋለች በያ!»

«እንዴ! ታዲያስ? ጓሮ ሆና ነዋ እጇን የምታወዛውዝልህ።»

ጡሩምባው ከበር ደረሰ። «የሚወጣ አለ?» አለ አንድ ድምፅ ከውጭ።

አክስት የጓሮው በር ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እግዜር ይወቅ። እሁድ ጠዋት ያንን ክፍል ከፍታ የገባችው እሷ ናት፤ ያየችውንም የምታውቅ እሷ ናት።

«የለም! ሂዱ!» ብላ ጮኸችባቸው።

ደረጃው ላይ የሚያለቅሰውን የሚጣን ወንድም ትከሻ ዳሰስ አድርጋ አለፈችና በርሜሉ አጠገብ መጣች። ሚጣ ልጣጩን በጥፍሯ እየቆረሰች፣ ትንንሽ እያደረገች ታስገባ ነበር። አክስት አየችው። ከላዩ ሌላ ልጣጭም ቅጠልም እንዳልነበረ አየች። ሚጣንም ቀና ብላ አየቻት።

ሚጣ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና፣ ግድግዳው ስር ከቆመው ጆንያ ሁለት እፍኝ ደረቅ ቅጠል ዘግና አለበሰችው።