ድር የሌለው ልብስ

ምንተስኖት ከትሕትና ወንበር በስተኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ተምሯል። ከፊቷ ይልቅ ጀርባዋን ያውቀዋል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ደገፍ ስትል ግራ ትከሻዋ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ካለች ጥቁር የእንጨት ዓይን ጋር፣ ቀኙ ደግሞ ጫፉ ብቅ ካለ ምስማር ጋር እኩል ይሆናል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያነጋገራት ቃል ቢሰበሰብ "ላጲስ አለሽ?" ከሚለው ብዙም አያልፍም። የቀረው ጥያቄም መልሱም በሆዱ ነበር።

ስለዚህ በመስከረም መባቻ ሹራብ ሊሠራላት ቆርጦ ሲነሳ ልኳን ማንንም አልጠየቀም። ትምህርት ቤቱ ገና አልተከፈተም ነበርና ዘበኛውን ደብተር ረስቻለሁ ብሎ አታለለው፤ ባዶው ክፍል ገብቶም ከእንጨቱ ዓይን እስከ ምስማሩ በክር ለካ። ክሩን በጥሶ ኪሱ ከተተው። አፉ ያቃተውን ሹራቡ እንዲናገርለት ነበር ሐሳቡ። ለብሳው ልክክ ሲልላት፣ ይህ ሰው እንዴት እንዲህ አወቀኝ ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷ ትጨርሰዋለች።

ሥራውን ያስተማረው ቃለአብ የሚባል የቅኔ ተማሪ ነው። ቃለአብ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጦ፣ ትምህርቱን በቃሉ እያነበነበ ቆብ ይሠራ ነበር። ወደ ሌላ ደብር ሲሻገር ከአሮጌ ብስክሌት ተነቅለው በድንጋይ የተሳሉ ሁለት ሽቦዎች ትቶለት ሄደ። ምንተስኖትም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ውጤት እስኪመጣ ሽቦዎቹን ከእጁ አልለየም። አንድ ክር ራሱን በራሱ እየያዘ ልብስ ሲሆን ማየት ይደንቀው ነበር። ሲሳሳት ጫፉን ይስበዋል፤ ሥራው ተርተር እያለ ይፈታል፤ ልቃቂቱም ምንም እንዳልተደረገ ተመልሶ ይሞላል። ክር ቂም አይዝም። ስህተትን እንዲህ ሳያስከፍል የሚመልስ ነገር ሌላ አላጋጠመውም።

ማንገብገቡ ግን ያንገበግባል። አንዲት የክር ቀለበት ሾልካ ሳያያት ትቀርና አንድ ስንዝር ወደ ላይ ከሠራ በኋላ እንደ ፍልፈል ጉድጓድ ታፈጥበታለች። ግራ እጅጌው ከቀኙ በአራት ጣት ረዘመ። አንገቱ ጠበበ፤ ፈታው። ሰፋ፤ ፈታው። አንድ ቀን ሽቦዎቹን አጥር አሻግሮ ወረወራቸውና፣ ወዲያው ደግሞ በጉልበቱ እየዳኸ ከሣሩ ውስጥ ሲፈልጋቸው ዋለ።

አባቱ አቶ ወዳጆ ባና እና ዝተት የሚባሉትን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብሶች የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። ከቤቱ ጎን ባለችው ዳስ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው መወርወሪያቸውን ግራና ቀኝ ሲልኩ ይውላሉ። የልጃቸውን ሥራ በጣታቸው ወጠር አድርገው አዩትና፣ ድር የለው ማግ የለው፣ ይህ ልብስ ነው ወይስ ወንፊት ብለው ጠየቁት። ጎረቤቱ ውባየሁ ደግሞ ሽቦዎቹን በእጁ ባየ ቁጥር፣ "ምንትዬ፣ መቼ ነው የምትዳሪው?" ይለዋል። ምንተስኖት ቀለበቱን ይቆጥራል።

ፈትሉን የፈተለችለት እናቱ ናት። ዘነበች ከአሥር ዓመት ወዲህ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው የምትለየው። እንዝርት ግን ዓይን አይጠይቅም። የበጉን ጠጉር እሱ ጥቁሩን ከቡላው እየለየ ያቀርብላታል፤ እሷ በጭኗ ላይ እንዝርቷን እያሾረች እንደ ጅማት የቀጠነና የጠነከረ ክር ታወጣለታለች። ለማን እንደሆነ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም።

በጥቅምት ውጤት መጣ። ትሕትና አለፈች፤ እሱ በጥቂት ነጥብ ቀረ። የደረሳት ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውባየሁ ወሬውን ሲሰማ ሳቀና፣ ሰመራ ማለት ግመሉ እንኳ ቆዳውን አውልቆ መጣል የሚያምረው አገር ነው አለ። ምንተስኖት ያን ዕለት እጅጌ ሲሠራ ነበር። እጁ ለአፍታ ቆመ። ከዚያም ንጋት ላይ የማይበርድበት አገር የለም ብሎ ራሱን አሳመነና ቀጠለ።

ሹራቡ ያለቀው በኅዳር፣ ዓርብ ቀን ነው። ትሕትና የምትሄደው ሰኞ። ከኪሱ የልኩን ክር አውጥቶ በሹራቡ ትከሻ ላይ ዘረጋው። አልጎደለም፣ አልተረፈም። ያን ዕለት ምንተስኖት በሕይወቱ አንድ ነገር ከዳር አድርሶ አየ። የቀረው አንገቱ ላይ የሚሆኑ ሦስት ቁልፎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ሊገዛ ቅዳሜ በጠዋት መሐል ሜዳ ከተማ ወረደ። ከልብስ ሰፊ ዘንድ ሦስት ጥቁር ቁልፎች መረጠ፤ መናኸሪያም ጎራ ብሎ የሰኞው አውቶቡስ በሦስት ሰዓት እንደሚነሳ አረጋገጠ። እየተመለሰም መንገዱን ሁሉ ቁልፎቹን በኪሱ እያሻሸ ከትሕትና ጋር ሲያወራ መጣ፤ እሷ ባትኖርም።

ደጃፉ ላይ ሲደርስ እንፋሎት አየ። እናቱ በተዘረጋ ቁርበት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ እግሯ ተቀቅሎ ቀልቶ ነበር። ከጎኗ ድስቱ ገና ይጨሳል። የተወቀጠ እንዶድ አረፋው እርጥብ መሬቱ ላይ ተበትኗል።

"መጣህ?" አለችው ኮቴውን ለይታ። "ና፣ ዳስሰው። ከማለዳ ጀምሬ ስረግጠው ዋልኩ።"

ያነሳችለትን ነገር መጀመሪያ አላወቀውም። ወፍራም ነው፤ እንደ ቆብ ደርቋል። ቀለበቶቹ ጠፍተዋል፤ ጥቁሩና ቡላው ተዋውጠዋል። ሁለት አጫጭር እጅጌዎች አሉት። የአራት ዓመት ልጅ ቢለብሰው ልኩ ነው።

እዚያ አገር ባና ከሸማኔ እጅ እንደወጣ አይለበስም። በፈላ ውሃና በእንዶድ እየተነከረ፣ ጠጉሩ እርስ በርሱ እስኪያያዝ በእግር ይረገጣል። ያልተረገጠ ባና ለሰው መስጠት ሰውየውን መናቅ ነው። ዘነበችም ዕድሜዋን ሙሉ ባሏ የሠራውን ስትረግጥ የኖረች ሴት ናት።

"ለአስካለ ማርያም ልጅ፣ ለትሕትና መሆኑን መች አጣሁት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምስጢር እንደምታካፍል። "አንተ መውደድህን አፍረህ ትደብቀኛለህ። ብዳስሰው ጣቴ በቀዳዳው እያለፈ ይወጣል። ልጄ እንዲህ ያለ ልብስ ሰጥቶማ አይዋረድም ብዬ ነው። ትንሽ ገባ ብሏል መሰለኝ፤ ቢሆንም ልጅቷ ቀጭን ናት፣ ይሆናታል።"

ዘነበች ትሕትናን አጥርታ ያየቻት ሞራው ሳይጋርዳት በፊት፣ ልጅቷ ገና በጨርቅ ኳስ ስትጫወት ነው። በእሷ ዓይን ትሕትና ከዚያ ወዲህ አላደገችም።

ምንተስኖት የእናቱን እግር አየ። ተረከዟ ተልጧል። ሹራቡን ከእጇ ተቀበለ። "እግዜር ይስጥልኝ እማዬ" አላትና ይዞት ወደ ጓሮ ዞረ።

የክሩን ጫፍ በአንገቱ በኩል ፈልጎ አገኘው። ሳበው። አልመጣም። በጥርሱ ይዞ ሳበው፤ ጣት ታህል መጣና ተበጠሰ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ እንደገና ተበጠሰ። ሦስት ወር ሲሳሳትበት ሦስት ወር ይቅር ሲለው የኖረ ክር፣ አሁን መፈቻ የለውም። ከመጀመሪያ እንዳይጀምር ክር የለም፤ ክር እንዳያስፈትል ቀን የለም። እዚያው የበጎቹ ጉሮኖ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። ፀሐይ ጥላውን አስረዝማ አስረዝማ ስትወስድበት እንኳ አልተነሳም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሌላ ነገር ሞከረ። ሹራቡን ውሃ አጠጥቶ በትከሻው ከአጥሩ ግንድ ላይ አንጠለጠለው፤ ከታች በገመድ ድንጋይ አሠረበት። እጅጌዎቹም ላይ አሠረ። ድንጋይ ሲጨምር ግንዱ ጎበጠ እንጂ ሹራቡ ግን ንቅንቅ አላለም። በዚህ መሃል አባቱ መጥተው ከኋላው ቆሙ። ይቀልዱብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልቀለዱም።

"ስንት ገባ?" አሉ።

"እኩሌታው።"

አቶ ወዳጆ በጣታቸው ጨብጠው ፈተሹት። ባና ሲረገጥ ከአምስት ክንድ አንዱን እንደሚበላ፣ እሳቸውም ድሩን ሲዘረጉ ያንን አስበው አስረዝመው እንደሚዘረጉ ነገሩት። እዚህ ግን አንድ ክር ብቻውን ነው፤ ሲሸሽ የሚይዘው የለም። ይህን ሲሉ ወቀሳ አልነበረበትም፤ የሥራ ነገር ነበር የሚያወሩት። እሱም እንደዚያው፣ ይረገጣል ብዬ መች አሰብኩ አላቸው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፈቱና መሬት አስቀመጡ።

"ለእናትህ አትንገራት" አሉ። "ሌሊቱን እግሯን ሲያቃጥላት ነው ያደረው። ደስ ብሏት ነው ግን የምታቃስተው።"

ሰኞ በማለዳ ዘነበች ሹራቡን ራሷ አጣጥፋ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሳ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ሳይይዘው ሊወጣ አይችልም ነበር። መንገድ ላይ ጥሎት ሊሄድ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ የእናቱ የተላጠ ተረከዝ ታየው። እየሄደም ቃል ሰበሰበ፤ ሹራቡ መናገር ካልቻለ እሱ መናገር አለበት። ሁለት ዓመት ከኋላሽ ተቀምጬ፣ ብሎ ጀመረ። ከፊቱ ላለው ውርጭ ነገረው። ጥሩ ነበር። አሻሻለው፣ ደገመው፣ መናኸሪያው በር ድረስ በቃሉ ያዘው።

ትሕትና ስስ ጃኬት ለብሳ፣ እጇን በትንፋሿ እያሞቀች አውቶቡሱ አጠገብ ቆማለች። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ማርያም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

"እንደምን አደሩ፣ እትዬ አስካለ" አላቸው።

የዘነበች ልጅ መሆኑን ለዩት፤ የእናቱ ዓይን እንዴት እንደሆነ ጠየቁትና መልሱን ሳይሰሙ እንደገና አለቀሱ።

"ምንቴ!" አለች ትሕትና። "አንተም ትሄዳለህ እንዴ?"

"አይ። ልሸኝ ነው።"

"ማንን?"

ይህችው ናት ሰዓቷ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው። ምንተስኖት ያቺን ቃል ምላሱ ላይ አገኛት፤ ክብደቷም ተሰማው። ረዳቱ ግቡ፣ ግቡ እያለ የአውቶቡሱን ጎን ደበደበ። ትሕትና ፌስታሉን አየች።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አለችና በጓደኛ እጅ ሳብ አድርጋ ከፈተችው። ሹራቡ ተዘረጋ፤ አጫጭር እጅጌዎቹ ወደ ጎን ቀጥ ብለው ቆሙ። "ውይ፣ የሕፃን ነው። ማን ወለደ?"

"ማንም አልወለደም።" "የተበላሸ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወንበሩ ይቆረቁራል። እንድትቀመጪበት ብዬ ነው።"

ትሕትና ቀና ብላ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ዞራ እንዲህ አላየችውም። አንድ ነገር ልትጠይቀው ያሰበች መሰለ። ከዚያ በመዳፏ ሹራቡን ጫን ጫን አደረገችው።

"እንዴት ይሞቃል! እናትህ ናቸው የሠሩት?"

"አዎ" አለ። "እናቴ ናት።"

ገብታ በመስኮቱ በኩል አየችውና ሹራቡን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ተመችቶኛል ለማለት ወደ ላይ ወደ ታች እያለች አሳየችው፤ ሳቀች። እሱም ሳቀ። አውቶቡሱ ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ሲታጠፍ እጁ ገና በአየር ላይ ነበር። በቃሉ የያዘው ንግግር አንድም ቃል ሳይጎድልበት ሆዱ ውስጥ አለ። ቆላው ሲጀምር፣ ወበቁ ሲበረታ፣ ከሥሯ አውጥታ የት እንደምትጥለው እያሰበ ወደ ቤቱ ወጣ።

እናቱ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች እንዝርቷን ታሾራለች። ኮቴውን ስትሰማ እጇ ቆመ።

"ልክ ሆናት?"

ከዳሱ ውስጥ የሚሰማው የአባቱ የሸማኔ ዕቃ ድምፅ አብሮ ቆመ።

"ልክ ሆናት" አለ ምንተስኖት።

"ምን አለች?"

"እንዴት ይሞቃል አለች።"

ዘነበች ፊቷ ሁሉ በራ። ሳይረገጥ ቢሆን ኖሮ ይህን አትልም ነበር አለች፤ ሁለት ጊዜ ደገመችው። በዳሱ ውስጥ መወርወሪያው ቀስ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። እናቱ ከጉያዋ አዲስ ልቃቂት አውጥታ በዳሰሳ እጁ ላይ አኖረችለት።

"ካልሲ ደግሞ ያስፈልጋታል። የእግሯን ልክ ታውቀዋለህ?"

ምንተስኖት አሰበ። ትከሻዋን ያውቃል፤ የሹሩባዋን ቁጥር ያውቃል። እግሯ ግን ሁልጊዜ ከወንበሩ ፊት ነበር።

"አላውቀውም" አለ።

"እንግዲያው ጀምረው፤ ስትመጣ ትለካታለህ። እኔ እረግጠዋለሁ።"

አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱን ሽቦዎች ከኪሱ ሲያወጣ ሦስቱ ቁልፎች አብረው ወጥተው መሬት ላይ ተበተኑ። እናቱ ምን ወደቀ ብላ ጠየቀችው። ምንም አይደለም አላትና የመጀመሪያዋን ቀለበት ቋጠረ።