ሦስቴ የሚጠራ ውሻ

ችሎት አስከባሪው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠራ ኖሯል። የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ የባለጉዳዩን ስም ሦስት ጊዜ ያንባርቃል፤ በሦስተኛው ያልቀረበ ወዮለት። ድምፁን ሲሰማ ሽንት ቤት የገባ ጠበቃ እንኳ ቀበቶውን እየታጠቀ ይሮጣል። እቤቱ ግን አንድ ውሻ መጥራት አቅቶታል።

ውሻው ሻምበል ይባላል። ሴት ልጁ ለትምህርት ሌላ ከተማ ስትሄድ አደራ ብላ የተወችለት ነው። ስትደውል ከአባቷ ጤና በፊት የሻምበልን ትጠይቃለች።

"ሻምበል! ሻምበል! ሻም-በል!"

በመጀመሪያው ጥሪ ሻምበል ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በሁለተኛው ራሱን ያካል። በሦስተኛው፣ ደስ ካለው፣ ጭራውን ወሽቆ እየተጎተተ ይመጣል። ያን ጊዜ ችሎት አስከባሪው ለዘገየ ባለጉዳይ የሚገባውን ተግሣጽ ይሰጠውና በሰንሰለት ያስረዋል።

ሰኞ ዕለት ሻምበል የአከራይቱን አንሶላ ከገመድ አውርዶ ግቢውን ያስጎበኘው ጀመር። ጌታው ከበረንዳ ሦስት ጊዜ እስኪጠራ አንሶላው ለሁለት ተቀደደ።

"ስማኝ" አሉ አከራይቱ፣ ግማሹን አንሶላ እንደ ማስረጃ ዘርግተው። "ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ቆሜ አያለሁ። አንዴ ጠርተኸው ከመጣ ይኑር። ካልመጣ ከዚህ ግቢ ይወጣል።"

"እትዬ፣ እንስሳ እኮ ነው…"

"እኔም እኮ ሰው ነኝ!"

ማታ ለሚስቱ፣ "ውሻው ደንቁሯል፣ ሐኪም ይየው" አላት። እሷ የብስኩት መጠቅለያ አንዴ አንኮሻኮሸች። ሻምበል ከግቢው ጥግ ተስፈንጥሮ በሩን በግንባሩ በርግዶ ገባ።

"ደንቆሮህ ይኸውልህ! አንተ ሰው፣ እኮ በደንብ አሰልጥነኸዋል። ሁለቱ ጥሪ እንደማይቆጠር አስተማርከው። ሲመጣ ደግሞ ቁጣና ሰንሰለት። እኔ ብሆን በአምስተኛውም አልመጣም!"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አንዴ ጥራና ዝም በል። ካልመጣ ጀርባህን ሰጥተኸው ራቅ በል፣ ይከተልሃል። ሲመጣ አመስግነው፣ አጉርሰው፣ መልሰህ ልቀቀው።"

ዝም በል! ሃያ ሁለት ዓመት ደመወዝ የበላው ዝም ባለማለት ነው። ቢሆንም ቆረጠ። ልጁን በስልክ ምን ብሎ ያናግራታል?

ማክሰኞ ከሁለት እርምጃ ርቀት ጠራና ሁለተኛው ጥሪ እንዳያመልጠው መሐረቡን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። ረቡዕ ከበረንዳ ጠራ። በመጣ ቁጥር ከኮቱ ኪስ የተቀቀለ ሥጋ፣ ከዚያ "ሂድ ተጫወት"። ሐሙስ ችሎት ላይ አንድ ምስክርን አንዴ ጠርቶ ጸጥ አለ።

"ድገመዋ!" አሉ ዳኛው።

"ክቡር ዳኛ፣ ከደገምኩለት ይለምዳል።"

ምስክሩ ሲገባም "ጎበዝ! ጎበዝ!" ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ አርብ በር ላይ ሆኖ መንገደኛ ሲያልፍ ሳይቀር ሻምበልን ጠርቶ አስለመደው።

ቅዳሜ ደረሰ። አከራይቱ ሆን ብለው አዲስ አንሶላ ሰቅለው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሻምበል አንሶላው ሥር ሆኖ ጫፉን ያሸታል።

"ሻምበል!"

ቀና አለ። አንሶላውን አየ፣ ጌታውን አየ። ከቦታው ግን አልተነሳም። ጌታው ሁለተኛው ጥሪ እንዳያመልጠው መሐረቡን አፉ ላይ ያዘ።

"ድገምለት፣ ፈቅጃለሁ" አሉ አከራይቱ፣ በክፋት ይሁን በርኅራኄ እንጃ።

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት እርምጃ ራቀ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ጉልበቱ ሥር እርጥብ አፍንጫ ተሰማው።

"ጎበዝ የኔ ልጅ!" አጎረሰው፤ ለቀቀው። ሻምበል በአንሶላው ሥር ሾልኮ ሄደ፣ ቀና ብሎም አላየው።

"ይኑር" አሉ አከራይቱ ቅር እያላቸው። ከዚያ ወደ ቤታቸው ዞረው ባላቸውን ይጣሩ ጀመር። "ሰውዬ! ቁርስ ቀርቧል! ኧረ ሰውዬ! አንተን እኮ ነው!"

ከውስጥ የተሰማው የጋዜጣ ገጽ ሲገለበጥ ብቻ ነው።

ችሎት አስከባሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። "እትዬ፣ ካልተቆጡኝ…"

ቀና ሲል ሚስቱ መስኮቱ ላይ ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። አንዴ ብቻ ነው ያመለከተችው። ዝም አለ።