የአበረ ካፖርት

አሰገደች ጭፈራ ያለበትን ደጃፍ ዝም ብላ አልፋ አታውቅም። በከተማዋ በይጁቤ ሰርግ ካለ ድንኳኑ ሳይተከል የሷ ትከሻ ይቀድማል እየተባለች ትታማ ነበር፤ ሐሜቱም ውሸት አልነበረም። ባሏ አበረ እስክስታ አንድም ቀን አልሆነለትም፤ እሷ ስትወርድ ግን የሱን ያህል የሚያጨበጭብ አልነበረም። አበረ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። እሷ ደግሞ ይኸው፣ ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ውስጥ፣ ሂፕ ሆፕ የሚሉትን ቲያትር ልታይ ተቀምጣለች። ሐዘንተኛ እንዳትመስል ጥቁር ቀሚሷን በነጠላ ሸፍናለች፤ ወደ ላይ መሆን የነበረበትንም ጥለት ወደ ታች መልሳዋለች።

ያመጣቻት ልጇ ናት። ወንጌላዊት አዲስ አበባ ከአንድ የዳንስ ቡድን ጋር ትሠራለች። አባቷ ሲሞት መንገድ ተዘግቶ ለቀብር አልደረሰችም፤ የመጣችው ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ማንም አልፈረደባትም። ጥፋቷ ሌላ ነበር። ዘግይቶ የመጣ ሐዘንተኛ ገና ከሩቁ «አባቴ፣ ወዮ» እያለ፣ ደረቱን እየደቃ ነው የሚገባው፤ ዘመድም ድምፁን ሰምቶ ይወጣለታል። ወንጌላዊት ግን ሻንጣዋን እየጎተተች ዝም ብላ ገባች። መደቡ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታይ ጀመር። እንባ የለ፣ ድምፅ የለ። የአበረ ታላቅ ወንድም አንሙት በሰው ፊት ተነሣና፣ «ለወንድሜ እስክታለቅስ ድረስ የወንድሜን ቤት አትረግጥም» ብሎ አስወጣት። አሰገደች ያን ቀን ዝም አለች፤ ዝምታው እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

አሁን ቡድኑ ደብረ ማርቆስ መጥቷል፤ ነገ ይመለሳል። «እማ፣ አንቺ ብቻ ነይልኝ» ብላ ደወለችላት። አሰገደችም የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ከቤት ወጣች።

መብራቱ ሊጠፋ ሲል ከጎኗ ያለው ወንበር ተንቋቋ። ዞር ብትል አንሙት ነው፤ ለካ ከቤት ጀምሮ ተከትሏታል፤ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሟል።

«የታመመው ዘመድ እዚህ ነው እንዴ የተኛው?» አላት።

«አያ አንሙት፣ ስለ ማርያም፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ተነሽ። ሰው ሳያይሽ እንውጣ።»

አልተነሣችም። ድምፅ ማጉያው ደረቷን እስኪመታት ጮኸ፤ ወጣቶቹ እየተገለባበጡ በጭንቅላታቸው ይሾሩ ጀመር። አሰገደች እጇን በእጇ ጨብጣ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ግን ከዳት። ጥቂት ነው የነቀነቃት፤ አንሙት ግን አየ። «የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ» አለና የነጠላዋን ጫፍ በእጁ ጠቅልሎ ያዘ። እሷ አፈረች። ብታፍርም ዓይኗን ከመድረኩ አልነቀለችም።

ዘፈኑ ቆመና ወንጌላዊት ብቻዋን ወጣች። በሁለት እጇ የያዘችውን አሰገደች ገና ከሩቁ ለየችው፤ የአበረ ካፖርት ነው። የተባረረች ዕለት ከምሰሶው ላይ አውርዳ ወስዳው ኖሯል፤ እናትየው እሱን ፍለጋ ቤቱን ስታምስ የከረመችው ለካ በከንቱ ነው። ልጅቷ ካፖርቱን ከፍ አድርጋ ለቀኙም ለግራውም አሳየች፤ በለቅሶ ላይ የሟች ልብስ እንደዚያ ነው የሚወጣው። ከበሮው ቀስ ብሎ መምታት ጀመረ። እሷም በምቱ ልክ ደረቷን ትደቃ፣ ትወድቅ፣ ትነሣ ጀመር። አንሙት ዱላው ላይ ተደግፎ ወደ ፊት አዘነበለ።

አንዴ ወደቀችና ሳትነሣ ቀረች። ከበሮው መታ፤ አልተነሣችም። ጓደኞቿ ከዳር ሆነው ተያዩ። ሰው ቲያትር መስሎት አጨበጨበ። አሰገደች ግን ዕድሜዋን ሙሉ ትከሻ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ይህኛው ጭፈራ እንዳልሆነ ገባት። ለቅሶ ላይ የወደቀን ሐዘንተኛ ማን ብቻውን ይተዋል?

ተነሣች።

«ወዴት ነው? ተቀመጭ» አለ አንሙት፣ ነጠላውን እየሳበ።

ነጠላውን እጁ ላይ ተወችለትና ጥቁር ቀሚሷ እየታየ በሰው መሀል አልፋ መድረኩ ላይ ወጣች። ልጇን በብብቷ ገብታ አነሣቻት። «አበረ፣ ልጅህ መጣችልህ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ያን ጊዜ የወንጌላዊት ድምፅ ወጣ። «አባቴ፣ ወዮ።» ያን ቀን ደጃፉ ላይ ሲጠበቅ የነበረው ድምፅ ነው። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ፤ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ከዚያ የዱላ ኳኳታ ተሰማ። አንሙት ደረጃውን እየወጣ ነው። አሰገደች ልጇን ከኋላዋ አድርጋ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ዛሬስ ዝም አትልም። እሱ ግን ካፖርቱን አየ። ነጠላውን ዘረጋ፤ ጥለቱን ወደ ላይ መልሶ፣ እንደ ሐዘንተኛ አንገቷ ላይ ጣል አደረገላት። ልጅቷን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ስትጨርስ ይዘሻት ነይ» አለ። «ነገ ከአባቷ ቤት ትነሣ።»