ቁጭ በሉ ያልተባለው ሽማግሌ

"ኧረ ቁጭ በሉ፣ ምን ያስቆማችኋል!" አለ ሙሄዲን፣ ነገሩን እያወቀ።

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ አቶ ሞላ። "ለልጃችን ለየሱፍ ልጅዎን ረሂማን ፈልገን ነው። እሺ ካሉን እንቀመጣለን።"

የሱፍ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። ረሂማ ስሙ ሲነሳ ፊቷ እንደሚቀላ አባቷ ያውቃል። የመጡት ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው፤ አቶ ሞላ፣ ሼህ ይማምና ከኋላቸው አንገቱን የደፋ አንድ ሰውዬ። ሙሄዲን ሰውዬውን አይቶ ደሙ ፈላ። ጀማሉዲን! ለካ የየሱፍ አጎት እሱ ኖሯል። ያ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስብሰባ ይመራ የነበረው የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ዛሬ ከሥልጣኑ ወርዶ፣ ጋቢ ተከናንቦ የልብስ ሰፊ ቤት ለልመና መጣ። ወይ ጊዜ!

ነገሩ የሆነው በቀይ ሽብሩ ሰሞን ነው። የሙሄዲን አባት እንድሪስ፣ የአሱርን ሶላት ሰግደው ስብሰባው ላይ ዘግይተው ደረሱ። ሊቀመንበሩ፣ ልጃቸው የሚሆን ሰው፣ "አንተ ሽማግሌ! እንዳትቀመጥ! ቆመህ ሰዓት ማክበር ተማር" አላቸው። እሳቸው "እሺ፣ እርስዎ ካሉ" ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መግሪብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት መውጣት አፍረው ቤት ዋሉ፤ ክረምቱ ሳይወጣም ሞቱ። ሙሄዲን የስፌት መኪናውን በረገጠ ቁጥር ጀማሉዲንን በልቡ ሲያቆመው ኖሯል።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ረሂማ በረጅሙ ስትተነፍስ ተሰማ። "አቶ ሞላ፣ ይቀመጡ። ሼህ ይማም፣ ይቀመጡ።"

ሦስተኛውን አልጠራም። አግዳሚው ላይ ገና ቦታ አለ። ጀማሉዲን ግን ቁጭ በል ሳይባል እንዴት ይቀመጣል?

"ሙሄዲን፣ ሰው ረሳህ" አሉ ሼህ ይማም ቀስ ብለው።

"አልረሳሁም ሼህ። እንዴት እረሳለሁ? ጓድ ሊቀመንበር መቆም ለሽማግሌ ትምህርት ነው ብለው ያስተማሩን ሰው ናቸው። ይቁሙ እንጂ!"

እሰይ! እንዴት ጣፈጠው! ጀማሉዲን ቀና አላለም። የስኳር በሽታ የጎዳውን እግሩን ለማሳረፍ ክብደቱን ወደ ሌላው አዛወረ።

"ይገባኛል" አለ። "እኔ እቆማለሁ። ለልጆቹ ዱዓ አድርጉላቸው።"

ይሄኔ መደቡ ላይ የነበሩት የሙሄዲን እናት፣ ከሪማ፣ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። እሳቸው ቆመው ማን ይቀመጣል? ሽማግሌዎቹም ብድግ አሉ።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ተቀመጪ እንጂ!"

"እሱ ካልተቀመጠ አልቀመጥም።"

"አባዬን ያቆመው እኮ እሱ ነው!"

"እሱ ነው። የእሱን አላህ ይጠይቀው። ግን ያን ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አንድ ሰው አብሮት ቢነሳ ባሌ ብቻውን አይቆምም ነበር።" ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። "አንተም ፊት ወንበር ላይ ነበርክ።"

ሙሄዲን ጆሮው ጋለ። ፈርቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን አለ? ግን ተቀምጦ ነበር።

ወደ ስፌት መኪናው ሄዶ የሚሠራበትን በርጩማ አነሳና ጀማሉዲን ፊት አስቀመጠው።

"አውፍ አላልኩዎትም፣ ይቅር አላልኩም" አለ ጥርሱን ነክሶ። "ይቀመጡ።"

ጀማሉዲን ተቀመጠ። ከሪማ ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሉ። ሼህ ይማም ለዱዓ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ሙሄዲንን አዩት፤ አሁንም አልተቀመጠም።

"አንተስ? ና፣ እዚህ እኔ ጋ ተቀመጥ" አሉት ጠጋ እያሉ።

ሙሄዲን መዳፎቹን ወደ ላይ ዘረጋ።

"እኔ ልቁም፣ ሼህ" አለ። "ያን ቀን ተቀምጫለሁ።"