ፔዳል ያለውን

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ከመርፌ፣ ከክርና ከመቀስ ሌላ ዕቃ አማርጣ አታውቅም፤ ዛሬ ግን አውሮፕላን ልትገዛ ሱቅ ውስጥ ቆማለች። እውነተኛውን አይደለም፣ ኧረ ከየት መጥቶ! ቤት ቁጭ ተብሎ በኮምፒውተር የሚበረውን ነው፤ ለባሏ።

ባለሱቁን ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። የአብራሪ ኮፍያ ደፍቶ ይውላል እንጂ ሰውዬው አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ከፎቅ ወደ ታች ሲያይ እንኳ ያዞረዋል ይባላል።

«ሰውየሽ ጀማሪ ነው?» አላት።

«ጀማሪ ነው። ሹፌር ነበር... ሹፌር ነው፤ የከባድ መኪና።»

«እንዲያ ከሆነ ቶሎ ይገባዋል። ከሁለቱ የማብረሪያ ፕሮግራሞች ይሄን ውሰጂለት። ያኛው ዓለሙን ሁሉ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ግን ኮምፒውተሩ ጉልበት ከሌለው እየተንቀራፈፈ ያበግነዋል። ይሄኛው ከሀ ሁ ጀምሮ ያስተምራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ እህቴ።»

ቀጥሎ መቆጣጠሪያዎቹን አወጣ። አንዱ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ አጭር ዱላ የመሰለ ጆይስቲክ ነው። ሌላው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መሪ ሲሆን፣ ወለል ላይ የሚቀመጡ ሁለት የእግር ፔዳሎች አሉት።

«ለጀማሪ ዱላው ይበቃል» አለ ካፒቴን። «አውሮፕላን መሬት ላይ ስትሮጥ መሪ አትሰማም፤ የሚያቀናት እግር ነው። ይሄ ዱላ ግን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ የፔዳሉን ሥራ ይሠራል። እግር አያስፈልገውም።»

ሰውዬው ስለ ዕቃ ነበር የሚያወራው። እሷ የሰማችው ግን ስለ ባሏ ነበር።

የባሏ መኪና ከተገለበጠ በኋላ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ የነገራት ይህንኑ ነበር፤ የጀርባው ነርቭ ተቆርጧል፣ በእግሮቹ ተስፋ አያድርጉ። «እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለች። ልትነግረውም ነበር! ግን ሰውዬው እህል እምቢ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንድ ጠዋት እግሩን እያሸችለት «ተይኝ፣ በቃ ልሙት» ሲላት፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ «ተንቀሳቀሰ! አውራ ጣትህ ተንቀሳቀሰ!» ብላ ጮኸች። አጨበጨበችም። ባሏ ቀና አለ፤ ምሳውንም በላ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ጣቱን ያዘዋል። ጣቱ ወይ ፍንክች! እሷ ግን ታጨበጭባለች። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እንደ ሹራብ ነው፣ አንዷን ክር ከሳቧት ሁሉም ይተረተራል፤ ይህን ደግሞ ለልብስ ሰፊ ማንም አይነግራትም።

የአውሮፕላኑን ነገር ያመጣው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ቤታቸው አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው የሚያልፉበት ሰፈር ነውና፣ ሹፌሩ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ በመስኮት ያያቸዋል፤ «ይቺ ተቻኮለች»፣ «ይሄኛው መንዳት ያውቃል» እያለ። ሌላ ወሬ የለውም። ወንድምየው የራሱን ኮምፒውተር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተከለና፣ «ቁጭ ብሎ ሌላውን ከሚያማ ራሱ ያብርር» አለ።

እና አሁን ዱላውን ይዛ ብትገባ ምን ይላል? ዕድሜውን በሦስት ፔዳል የኖረ ሰው፣ «የእግሩስ የት አለ?» ማለቱ ይቀራል?

«ፔዳል ያለውን ስጠኝ» አለች።

«እህቴ፣ ቦታ ይይዛል እኮ። ደግሞ ለጀማሪ...»

«ፔዳል ያለውን አልኩህ!»

«እሺ፣ ምን አስቆጣሽ?» ካፒቴን ካርቶኑን ጎተተ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ በሆዱ ሳይስቅባት አልቀረም። «ካልተመቸው መልሺው።»

ቤት ስትደርስ ወንድምየው ሁሉን ነገር ገጣጥሞ ወደ ሥራው ሄደ። ሹፌሩ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ በራ።

«ፔዳል አለው! ጎበዝ! ያለ ፔዳል አምጥተሽ ቢሆን ተጣልተን ነበር። ለእግሬም ልምምድ ይሆነዋል።»

ይኼኔ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እሷም «እንዴታ!» አለች።

እግሮቹን አንድ በአንድ በእጁ አንስቶ ፔዳሎቹ ላይ አኖረ። ሞተሩ ጮኸ፣ ማኮብኮቢያው በስክሪኑ ላይ ወደ እነሱ ይሮጥ ጀመር። አውሮፕላኗ ጥቂት ቀጥ ብላ ሄደችና ወደ ቀኝ ታጥፋ ሣር ውስጥ ገባች። መሪውን ወደ ግራ ቢያዞር፣ ወይ መስማት! እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ወደ ቀኝ። ሦስተኛው ላይ ነዳጁን ቀንሶ ወደ ሥር ተመለከተ።

ቀኝ እግሩ ወደ ፊት ተንሸራቶ፣ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉ ላይ ተጋድሟል።

«ረግጦታል» አለ ቀስ ብሎ። «ረግጦታል፣ እኔ ግን አልረገጥኩም።»

«ቀስ በቀስ...» አለች።

«ተይ እንጂ። ስነዳ ነው የኖርኩት፤ እግሬ ምን እንደሚረግጥ አውቃለሁ። ይሄ የኔ እግር አይደለም።» ቀና ብሎ አያት። «ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ምን ይላል ብለህ...»

«በሞቴ።»

ነገረችው። ኮሪደሩን፣ ነርቩን፣ ተስፋ አያድርጉ ያላትን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ያለው ብርድ ግን አይነሳም። ሹፌሩ አልጮኸም። ምነው በጮኸ፣ ምነው በሰደባት!

«ጣቴስ?» አለ።

«የቱ?»

«ያን ቀን ተንቀሳቀሰ ያልሽው።»

እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«በየጠዋቱ ስታጨበጭቢልኝ...» አለና ወደ እግሩ አየ። «ትናንት እኮ የሆነ ነገር የተሰማኝ መስሎኝ ነበር። ልንገርሽ ብዬ፣ ነገ ይበልጥ ሲሰማኝ ብዬ ተውኩት።»

በማግስቱ እንደ ልማዷ እግሩን ልታሽ ብትቀርብ፣ «ተይው» አለና ብርድ ልብሱን ሳበ። ቁርሱንም አልነካም። ይህን ቀን ነበር ስትፈራ የኖረችው። አጨብጭባ የምታስበላበት ነገር አሁን የላትም።

ፔዳሎቹንና መሪውን ካርቶናቸው ውስጥ ከታ ወደ ሱቁ ወሰደች።

«ምን ጎደለው?» አለ ካፒቴን።

«ዕቃው ምንም አልጎደለው። የባሌ እግር ሽባ ነው። አይድንም።»

«ሽባ» የሚለውን ቃል ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ካፒቴን ኮፍያውን አወለቀ። ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት፤ ዱላውን ጠቅልሎ ሰጣት፣ እስከ በሩም ሸኛት።

ቤት ገብታ ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሹፌሩ ብዙ ሰዓት አልነካውም። ምሳውም እንደ ቀረበ ቀዘቀዘ። እሷ የሰው ቀሚስ የስፌት መኪናዋ ላይ ዘርግታ እግሯን ወደ ፔዳሉ ስትሰድ፣ አፈረችና መለሰችው።

ከቀትር በኋላ አንድ አውሮፕላን ጣሪያቸውን ታክኮ አለፈ። ሹፌሩ ወደ መስኮቱ አላየም። እጁን ሰዶ ዱላውን ያዘው፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው።

«ነይ፣ ተቀመጪ እዚህ» አላት።

ወንበሯን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከመሬት ስትነሳ ካየሽ ብቻ ተነሳች በይኝ» አለ። «እንዳታጨበጭቢ።»

«እሺ።»

ሞተሩ ጮኸ። አውሮፕላኗ ወደ ግራ ስትል ዱላውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ አበዛው፣ ተንገዳገደች፣ ደግሞ ቀናች። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከጎማዎቹ አልነቀለችም። በዕድሜዋ አንድ ነገር እንዲህ አጥብቃ ተመኝታ አታውቅም። እጆቿን ጭኖቿ መካከል አፍና ያዘቻቸው። ማኮብኮቢያው አለቀ፤ አውሮፕላኗ አጥሩን ጥሳ ሜዳው ላይ ቆመች።

ሹፌሩ ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እሷ ዞሮ ጠበቀ።

«አልተነሳችም» አለች።

«አዎ» አለ ባሏ። «አልተነሳችም።»

የቀዘቀዘውን የምሳ ሳህን በግራ እጁ ወደ ራሱ ሳበና በረራውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።